በአንድ ጋቢ የታሰሩ

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የክረምቱም አነሰ። በሶፊ ገጠር ማሽላው ወገብ ሳይደርስ ደረቀ። ጎልማሳው ወደ ኦጋዴን ዘመተ፤ ከሄደው የተመለሰው ቁስለኛ ብቻ ነበር። ከጊደር መጋላ ገበያ ጨው ጠፋ፤ እህል ያለውም ሸሸገ። በጥቅምት የጣልያን አውሮፕላን በሐረር ላይ አልፎ ሄደ። ምንም አልጣለም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰው ሰውን በጎሪጥ ማየት ጀመረ። ሰላይ አለ ተባለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ተጠረጠረ።

ኃይለመስቀል ለዘመቻው አልተፈለገም። አርጅቷል፤ ግራ ጉልበቱም አይታጠፍለትም። ከከተማው ግንብ በሮች የኤረርን በር እንዲጠብቅ ተመደበ፤ ጠበቀም። አንድ ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ከግንቡ ውጭ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ አንድ ልጅ እግር ሰው በበቅሎ ለመጣ እንግዳ የተጠቀለለ ነገር ሲያቀብል አየ። እንግዳው ወደ ቆላው ወረደ። ልጅ እግሩም በግንቡ ጥግ ተሰወረ። ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚራመደው፤ እንደ ዐብዱልጀሊል፣ እንደ ጎረቤቱ እንደ መብሩካ ልጅ።

ኃይለመስቀል ለአለቃው «ዐብዱልጀሊልን አየሁት» አለ። መሰለኝ አላለም።

ያን ያለው ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ልጁ ተያዘ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዳይለያዩ የአገሩ ደንብ ነውና ዘበኛው እንደሻው ሁለቱንም ፈረስ መጋላ አደባባይ አምጥቶ የኃይለመስቀልን ጋቢ ጫፍ ከልጁ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረ።

«ሰንሰለቱስ?» አለ ኃይለመስቀል።

«ሰንሰለቱማ ዘመተ» አለ እንደሻው። «ቁራኛ በጨርቅም ቁራኛ ነው። የፈታው ጥፋተኛ ነው፤ እኔ አላውቅም።»

ዳኛው ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል ተባለ። ሁለቱ ከአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለፈው ሳምንት በስለላ የተያዘ አንድ ሰው እዚያው አደባባይ ላይ ተሰቅሎ ውሏል። ግንዱ አልተነሣም። ልጁ ወደዚያ ላለማየት አንገቱን አዙሮ ቆየ። ኃይለመስቀል ይህንንም አስተዋለ፤ የፈራ ንጹሕ ነው ወይስ የፈራ ጥፋተኛ ነው ብሎ አሰበ፤ መለየት አልቻለም።

«ለምን እኔን አሉ?» አለ ልጁ።

«አየሁህ።»

«ፊቴን?»

ኃይለመስቀል ወደ አደባባዩ ተመለከተ። «ሰኞ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ወላሂ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«የተኛን ሰው ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል?»

መልሱ ፈጠነበት። መሐላውም ፈጠነበት። ልጁ ደግሞ ይህን ሲል ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። ኃይለመስቀል ጋቢውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ቀትር ሲሆን ልጁ ውኃ ለመነ፤ ታጠበ፤ «ዙህር ደርሷል፣ ልስገድ» አለ። እንደሻው ትከሻውን ነቀነቀ። ልጁ ቆሞ ጀመረ፤ ጎንበስ ሲል ቋጠሮው ሽማግሌውን ሳበው። ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሲል ጋቢው ተወጠረ። ኃይለመስቀል ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ልጁን በአንገቱ ማነቅ ወይም አብሮ መውረድ። ደረቅ ጉልበቱን ወደ ጎን ዘርግቶ እየተንገዳገደ ከልጁ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የላላውንም ጨርቅ በእጁ ያዘ።

በርበሬ የምትሸጠው ገላነሽ ከማዶ አየችው።

«አያ ኃይለመስቀል፣ ሰለሙ እንዴ?»

«እኔስ ገና ነኝ» አለ። «ጉልበቴ ቀደመኝ።»

አደባባዩ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሶ አማተበ፤ ጆሮው ግን ከልጁ ጋር ነበር። ልጁ በዓረብኛ ያንሾካሹካል። ጸሎት ይሁን ሌላ ነገር እሱ አያውቅም። ከመካከሉ የጣልያን ስም ይወጣ እንደሆነ አዳመጠ። አልወጣም። አለመውጣቱም አላሳረፈው።

ሰው በፊቱ ያልፋል። ውኃ የተሸከመ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ እንጨት የያዘ። ኃይለመስቀል ሳያስበው ትከሻ መመልከት ጀመረ። ጠመንጃ ያነገተው እንደሻው ራሱ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል። አንድ ቆዳ ነጋዴ አለፈ፤ የእሱም እንደዚያው ነው። ኃይለመስቀል ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። መሬቱንም እያየ ያችን ጎህ መልሶ ፈለጋት፤ ቁልቋሉን አገኘ፣ በቅሎውን አገኘ፣ ጀርባውን አገኘ። ፊት ግን አልነበረም።

የልጁ እናት መብሩካ ምግብ በሰፌድ ይዛ መጣች። ሰፌዱን በሁለቱ መካከል አስቀመጠችው።

«በዘይት ነው የተሠራው፤ ቅቤ አልነካውም። የነቢያት ጾም እንደገባ አውቃለሁ።»

«አልበላም፣ እመት።»

«ልለምንዎ አልመጣሁም፣ አቶ ኃይለመስቀል። ከሰው ጋር በአንድ ጨርቅ ታስሮ ብቻውን ቢበላ ነውር ነው ብዬ ነው።»

ኃይለመስቀል እጁን አልዘረጋም። የሚጠብቀው ሌላ ቃል ነበር። ያን ቃል ብትለው ጉቦ ነው ብሎ ልቡን ያደነድን ነበር። መብሩካ ግን አላለችውም። ነጠላዋን አስተካክላ ራቅ ብላ ቆመች።

ቃሉ የቆየ ውለታ ነው። በኅዳር በሽታ ጊዜ ሚስቱ ለተማርያም ሕፃን ልጃቸውን ሮማነወርቅን ታቅፋ ሞተች። ሕፃኗ የፍየል ወተት አልቀበል አለች፤ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ሬሳ የሚያነሣ እንኳ በጠፋበት በዚያ ሰሞን መብሩካ በአጥሩ ላይ እጆቿን ዘረጋች። የራሷን ልጅ በአንድ ጡት፣ የእሱን ልጅ በሌላው አደረገች። ሮማነወርቅ ዳነች፤ አሁን ድሬዳዋ ባል አግብታለች። ኃይለመስቀል ግን ልጄ በእስላም ጡት አደገች ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ ለንስሐ አባቱ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ። ቅዳሴ ያስከለክለኛል፣ ልጅቱንም ባል ያሳጣታል ብሎ ፈራ። መብሩካም ምስጋና አልጠየቀችም፤ እሱም አላመሰገነም። በመንገድ ሲያገኛት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ያንኑ ወተት የጠጣው ሌላኛው ልጅ እነሆ ከጎኑ ታስሮ እንጀራ ይቆርሳል።

ዳኛው መጣ። አባ ወልደ ጊዮርጊስም መስቀላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሙ።

«ማል» አለ ዳኛው። «ሰኞ ጎህ ሲቀድ የዚህን ልጅ ፊት አይቻለሁ ብለህ መስቀሉን ተሳለም። ሌላ ምስክር አያሻኝም፤ ጊዜው ጦርነት ነው።»

ኃይለመስቀል ወደ መስቀሉ ሄደ፤ ልጁም ጋቢው እየሳበው ተከተለ። አባ መስቀሉን አቀረቡ። ሽማግሌው ከንፈሩን አላስነካም።

«ያየሁት ጀርባ ነው» አለ። «ፊት አላየሁም። ዐብዱልጀሊልን አየሁት ያልኩት ሐሰት ነው።»

«እሱ አይደለም ነው የምትለው?»

«አይደለም አልልም። ነውም አልልም። አላውቅም።»

ዳኛው ፍርዱን ሰጠ። «ሳታይ አየሁ ላልከው ነገ ጠዋት ትገረፋለህ። ልጁን በጥርጣሬ አስረዋለሁ። ዋስ ካለው ይውጣ፤ የሰው ዋስ እንጂ የገንዘብ አልቀበልም። ከጠፋ በእሱ ፈንታ የሚሰቀለው ዋሱ ነው።»

ሰዉ ተያየ። የልጁ አጎት ከሕዝቡ መካከል ነበር፤ ጫማውን ማየት ያዘ።

ኃይለመስቀል ወደ ልጁ አየ። በቀትር ያየው ያው ፊት ነው፤ የሚያነበው ነገር አላገኘበትም። ሰኞ ከቁልቋሉ ሥር የነበረው እሱ ሊሆን ይችላል።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለ።

ዳኛው ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ ትናንት ከሰስከው። ዛሬ ልትሰቀልለት ነው? ምንህ ነው?»

ኃይለመስቀል ዳኛውን ትቶ ወደ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ዞረ፤ ድምፁ ግን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አለ።

«ለተማርያም የሞተችብኝ ጊዜ ልጄን ያጠባቻት የዚህ ልጅ እናት ናት። ሮማነወርቅ ያደገችው በመብሩካ ጡት ነው።»

አባ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱ። «ይህን ለብቻችን እንነጋገራለን» አሉ።

«እሺ አባቴ።»

ዳኛው ለእንደሻው እጁን አወዛወዘ። ቋጠሮው ቀኑን ሙሉ ሲሳብ ጠብቆ ስለነበር እንደሻው በጥርሱ ፈታው። ልጁ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ቆመ፤ ሊናገር ፈለገ።

«አቶ ኃይለመስቀል፣ ሰኞ እኔ…»

«አትንገረኝ» አለ። «ዋስ የሆንኩት ለእናትህ ስል ነው። ሂድ።»

ልጁ ሄደ። መብሩካ ሰፌዷን ልታነሣ ቀረበች።

«እኔ ዕዳ አለብዎ ብዬ አላውቅም» አለች።

«ነበረብኝ።»

ጎንበስ ብሎ ከሰፌዱ ከተረፈው እንጀራ ቆረሰ፤ ባረከው፤ ጎረሰ። መብሩካ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከአደባባዩ በታች መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ መብሩካ ቤት፣ ሌላው ወደ ኤረር በር ነው። ልጁ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ መገንጠያው ይራመዳል። ኃይለመስቀል ዓይኑን አንሥቶ ጥቂት ተከተለው። ልጁ መገንጠያው ላይ ሳይደርስ ግን ኃይለመስቀል ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረና ጉርሻውን ማላመጥ ቀጠለ።