የሳሲ ቀኝ እግር

ባሌን ሳሲን ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ ተያዘ። ከሆስፒታል ስንወጣ እግሩን የምታፍታታው ልጅ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሸክላ ሠሪ ነኝ፣ ጭቃውን የሚያዞረውን መንኮራኩር በቀኝ እግሬ ነው የምገፋው አላት። እንግዲያው መድኃኒትህ ቤትህ ነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ግፋ፣ የተቀመጠ እግር መሄድ ይረሳል አለችው።

በመንደራችን በገላላ ሸክላ የምንሠራበት ቤት ግማሹ ከመሬት በታች ነው። ደረጃውን ደግፌ ካወረድኩት በኋላ ይወድቅብኛል እያልኩ አጠገቡ እቆም ነበር። መጀመሪያ እግሩ ከመንኮራኩሩ እየተንሸራተተ አስቸገረው። የወይራው ፍሬ ተለቅሞ ሲያልቅ ግን መንኮራኩሩ ዞረ፤ እሱም ግድግዳ ይዞ ብቻውን ደረጃ መውጣት ቻለ። ማሰሮዎቹ ተጣመው ሲወጡ ይስቅ ነበር።

«እንደ እኔ ያነክሳሉ። ለአንካሳ ደንበኛ ሽጫቸው።»

ያኔ ልጃችን ረምዚ ከቱኒስ መጣ። ሸክላ አልሠራም ብሎ ከአባቱ ተጣልቶ ከሄደ ወዲህ ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። አባቱ ፊቱን አጨማዶ ሲገፋ አየና አለቀሰ። የታመመ አባቱን የሚያስለፋ ልጅ ይሉኛል አለ። በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ሞተር ጭኖ ተመለሰና በገዛ እጁ መንኮራኩሩ ላይ ገጠመው።

የሆስፒታሏ ልጅ ያለችንን ልነግረው ስል ሳሲ በዓይኑ ከለከለኝ። ረምዚ ሲሄድ ሞተሩን እናስፈታውና እንደ በፊቱ ግፋ ብዬ ለመንኩት።

«መጥቶ ተፈቶ ቢያገኘውስ?» አለኝ። «የረምዚ እናት፣ ልጄን ያገኘሁት ገና አሁን ነው። ስለ እግር ብዬ አላስቀይመውም።»

ማሰሮዎቹ ቀጥ ብለው ይወጡ ጀመር። እግሩ ግን ያለ ሥራ ተቀምጦ መነመነ፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ደረቀ። ከቤት ወጥቼ ልሂድ አይልም፤ ሁልጊዜም የሚራመደው ወደ ሸክላው ነበር። የለውዝ ዛፉ ሲያብብ አንድ ቀን ደረጃውን መውጣት አቃተው፤ ጎረቤቶች ተሸክመው አወጡት። ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ሐኪሙ መጥቶ አየውና ጊዜው አልፏል አለን።

ረምዚ ዓርብ ዓርብ ይደውላል።

«አባዬ፣ ሞተሩ እንዴት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ እንደ ወፍ ይበራል። እጅህ ይባረክ።»

እኔ ስልኩን በአንድ እጄ ጆሮው ላይ ይዤ፣ በሌላው ከብርድ ልብሱ ሥር ያንን እግር አጥፋለሁ፤ እዘረጋለሁ።