መርዶ ከቴአትር በኋላ

እስከዳር ሙላው በእንግሊዝ አገር መድረክ፣ ቴሌቪዥንና ፊልም ላይ ሃያ ምናምን ዓመት አልቅሳለች። እንጀራዋ ይኸው ነበር። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «በጣም አዝናለሁ» የሚላት እናት እሷ ናት፤ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ከፍታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለል ላይ የምትቀመጠው ሴት እሷ ናት። በትልልቆቹ ቴአትር ቤቶችም ቢሆን ንግሥቲቱ ስትሞት ከኋላ ቆማ እንባዋን የምታፈስ ደንገጡር ነበረች። አዘጋጆቹ «ፊትሽ ሐዘን ያውቃል» ይሏታል። ለልብስ ልኬት ስትጠራ መሐረቡ ከቀሚሱ ቀድሞ ይዘጋጅላት ነበር።

አባቷ አቶ ሙላው፣ ያለ እናት ያሳደጓት የጉለሌው የሒሳብ አስተማሪ፣ ይህን ሥራ አልወደዱላትም። የላከችላቸውን ቪዲዮ ሁሉ ጎረቤት ሰብስበው ያዩና ይደውሉላታል።

«ልጄ፣ አልቃሽ እዚህም ሞልቷል። ለማልቀስ ከሆነ እዚሁ ሰፈር ትቀጠሪ ነበር፤ ንፍሮውም ይደርስሽ ነበር።»

ከዚያም ስልኩን ሳይዘጉ ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «መቼ ነው የምታስቂን?»

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 መኸር ላይ አንድ የሲያትል ቴአትር ቤት ጠራት። የቆየ የእንግሊዝ ኮሜዲ ሊያሳዩ ኖሯል። አዘጋጁ ዳግላስ «እውነተኛ እንግሊዛዊት ካልሆነች አይሆንም» ብሎ፣ በሬዲዮ ድራማ የተቀዳ ድምፅዋን ብቻ ሰምቶ መረጣት። አየር ማረፊያ ስሟን በካርቶን ላይ ጽፎ ሲጠብቃት፣ ፊት ለፊቱ ቆማ ሳለ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ከኋላ የምትመጣውን እንግሊዛዊት ይፈልግ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ተነፈሰ። ለንደን ዕድሜ ልኳን «ከየት ነሽ?» ስትላት የኖረችውን ሴት፣ ሲያትል በአንድ ቀን እንግሊዛዊት አደረገቻት።

ሚናው የሚሲስ ፔንደል ነው። ሚሲስ ፔንደል ቆንቋና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት። ጳጳስ ድንገት ሲመጣባት እንዳታካፍለው ብላ ሙሉ የዶሮ ጥብስ ባርኔጣዋ ሥር ደብቃ፣ ስለ ጾም ጥቅም ታስረዳዋለች። እስከዳር በሕይወቷ የሚያስቅ ሚና ሲደርሳት ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ቀን ብትቀር የምትተካት ወጣት ተዋናይት ደግሞ ሚናውን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛ፣ በየልምምዱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የእስከዳርን ጤና በፍቅር ትጠይቃለች።

ያረፈችው በከተማዋ ሰሜን፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከአክስቷ ልጅ ከሳሌም ዘንድ ነው። ቴአትሩ እሑድ ከሰዓት ሊከፈት፣ ሐሙስ ዕለት ከልምምድ ስትመለስ ሳሎን ውስጥ ሁለት እንግዶች ተቀምጠው አገኘች። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ በሲያትል ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም። እትዬ ባየሽ በከተማዋ ደቡብ፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ሱቅ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሳይደውል አይመጣም፤ በሥራ ቀንማ ከነጭራሹ።

«እንደምን ሰነበትሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ባየሽ ጉልበቷን እየዳበሱ። «ወንድምሽ ደህና ነው? ሚስቱስ? ልጆቹስ? ለንደን ያለችው ድመትሽስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ተመስገን! ድመቷን ማን ያበላታል?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤቶችሽስ ደህና ናቸው?»

እስከዳር ጋሽ ፍቅረ ሥላሴን አየቻቸው። ከአባቷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባገኟት ቁጥር የመጀመሪያው ቃላቸው «ያ ሙላው እንዴት ነው?» ነበር። ዛሬ የለንደንን አየር ሁኔታ ጠየቋት፤ መልስ ሳትሰጣቸውም «ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ።

«ሳሌም፣ እስቲ ኢንተርኔቱን ክፈችልኝና ለወንድሜ ልጻፍለት።»

«ዳውን ነው እስክዬ፤ ኮል አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ» አለች ሳሌም። የነቀለችው የኢንተርኔት ገመድ ጫፍ ከሹራቧ ኪስ ወጥቶ ይታይ ነበር።

ከዚያ ዶሮ ወጥ ቀረበ። እትዬ ባየሽ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። «ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድ ምን ይቻላል?»

እስከዳር ያኔ ገባት። ልጅ ሳለች አክስቷን ጉለሌ ቤታቸው ጠርተው፣ እንዲሁ እየሣቁ፣ እንዲሁ እያጎረሱ አጥግበው ሲያበቁ ነበር የባሏን ሞት የነገሯት። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ከቤተሰቡ ያልተጠየቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድመቷ እንኳ ተጠይቃለች።

«እጄን ልታጠብ» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። መስታወቱ ውስጥ ሐዘን ያውቃል የተባለው ፊት ቁልጭ ብሎ ያያታል፤ ምንም አያደርግም። ከበሩ ወዲያ ሹክሹክታ ሰማች።

«ዛሬውኑ ብንገላገልስ?» አሉ እትዬ ባየሽ።

«ዛሬ ማን አለ?» አሉ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ። «ሬድመንድ ያሉት የኮምፒውተር ሠራተኞች እስከ ነገ የሚያስረክቡት ሥራ አለባቸው። ታክሲ ነጂዎቹ ቅዳሜን አይለቁም። ለሦስት ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?»

«እሑድስ ጋሼ?» ሳሌም ናት።

«እሑድ ቴአትር አላት አላልሽም? ሶ፣ ከቴአትሩ በኋላ ይሁን። ሁላችንም እንግባና እንይላት፤ በዚያው ይዘናት እንመጣለን።»

«ጥቁር ለብሰን?»

«ታዲያ ልብስ ልንቀይር ከደቡብ ሰሜን እንመላለስ? ፓርኪንጉም አንዴ ይከፈላል።»

እስከዳር የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። ወጥታ ብትጮህ አሁኑኑ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ባርኔጣውንም ያቺ ጤናዋን የምትጠይቃት ልጅ ታደርገዋለች። አባቷ «መቼ ነው የምታስቂን?» እንዳሉ ቀሩ፤ መልሱ ግን እሑድ ነው። ዝም ብትል ደግሞ እስከዚያው፣ በዘመኗ ካየቻቸው ተዋንያን ሁሉ ከባሱት ከእነዚህ ሦስቱ ጋር፣ ያላወቀች ሴት ሆና መተወን ሊኖርባት ነው።

ፊቷን ታጠበችና ወጣች።

«እትዬ ባየሽ፣ ዶሮው ይጨመርልኝ» አለች።

እሑድ፣ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ዳግላስ እየሮጠ መጣ። «ወገኖችሽ መጥተዋል! ሁለቱን የፊት ረድፍ ሞልተውታል፤ ባህላዊ ልብሳቸውን ለብሰው!» በቀዳዳ አየች። ጥቁር በጥቁር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጭነው ተደርድረዋል። መካከል ላይ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ክራቫታቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል። ሎቢ ውስጥ «ማንም እንዳይስቅ፤ መርዶ ይዘን ነው የመጣነው» ብለው ማስጠንቀቃቸውን ሳሌም ኋላ ነው የነገረቻት።

የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፤ ሣቅ ግን የለም። ከኋላ የጀመረ ሣቅ ሁሉ ሦስተኛው ረድፍ ደርሶ ይሞታል። በሁለት ረድፍ ለቀስተኛ ጀርባ ላይ ማን ደፍሮ ይስቃል? ያቺ ወጣት ከመድረኩ ጎን ሆና በሐዘኔታ ራሷን ትነቀንቃለች።

በሁለተኛው ክፍል ጳጳሱ ገባ። ሚሲስ ፔንደል ትኩስ ዶሮዋን በባርኔጣዋ ደፍታ፣ አንገቷን እንደ ሰንደቅ ዘንግ አቅንታ፣ ስለ ጾም ማስረዳት ጀመረች። ቅባቱ ግንባሯ ላይ ወረደ፤ በቅንድቧ መካከል አልፎ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። እስከዳር ምላሷን አውጥታ ላሰችው፤ አጣጣመችው። ከዚያም በእግዚአብሔር ፊት እንደ ቆመች ሁሉ፣ «ጸሎት ሲበዛ ያልበኛል፣ አባታችን» አለች።

ከፊት ረድፍ የውሃ ቧንቧ የፈነዳ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ባየሽ በቁጣ ቆነጠጧቸው፤ ቆንጥጠው ሳይጨርሱ እሳቸውም ጎንበስ ብለው «ውይ ጉዴ! ውይ ጉዴ!» ይሉ ጀመር። ሁለቱ ረድፍ ፈረሰ፤ አዳራሹም ተከትሎ ፈረሰ። እስከዳር ዶሮውን ተሸክማ፣ ሣቁ እስኪበርድ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ቶሎ አልበረደም።

ሲያበቃ በጥድፊያ ሌክ ሲቲ አደረሷት። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ሁሉም ፊቱን መልሶ አጥቁሯል። ሶፋው ላይ አስቀመጧት፤ ሳሌም አንድ እጇን፣ እትዬ ባየሽ ሌላውን ያዙ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ተነሡ፤ እንደ ልማዳቸው ሳሉ።

«እንግዲህ፣ እስከዳር ልጄ… የሰው ልጅ… የሰው ልጅ እንደ…»

ዓይናቸው ግንባሯ ላይ ዐረፈ። ከፀጉሯ ሥር ያልተጠረገ ቅባት ያብለጨልጭ ነበር። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ጣራውን አዩ፤ እንደገና ሳሉ። በስንት ቤት ሳይደናቀፉ መርዶ ያረዱ ሰው ቃሉ ጠፋባቸው።

መድረክ ላይ አንዱ ቃሉ ሲጠፋው ሌላው ዝም ብሎ አያየውም። እስከዳር ጎንበስ አለችና በቀስታ፣ «አባትሽ…» አለች።

«አባትሽ…» አሉ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ።

«አረፉ።»

«አረፉ» አሉና፣ የያዙት ሣቅ ሳይታሰብ ወደ ለቅሶ ተለውጦ ሕፃን ሆነው አነቡ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

እስከዳር ብቻ ደርቃ ተቀምጣለች። ከወዲያ ጥግ አንዷ፣ «ለፈረንጅ ስትንፈቀፈቅ በቲቪ አይተናት የለም እንዴ? ለገዛ አባቷ ነፈገች!» ስትል ተሰማች።

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«ከሐሙስ፤ ከዶሮው ጀምሮ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ ቅድም የሣቁት እውነትዎን ነው? ወይስ አዝነውልኝ?»

«ምን ትያለሽ? በሚካኤል! እኔ እንዳልስቅ ስንት ታግያለሁ! ሙላው ቢኖር እኮ ገና ባርኔጣውን ሲያይ ነበር ከወንበሩ የሚወድቀው። ስቆ፣ ስቆ፣ አጠገቡ ያለውን ፈረንጅ ‹ልጄ ናት› እያለ ሲደበድበው ይታየኛል።»

ያኔ ለቅሶዋ መጣ። የሐኪሙና የፖሊሱ ዓይነት አልነበረም። አፍንጫዋ ተዘጋ፤ አፏ ተጣመመ፤ የዶሮው ቅባትና እንባው አንድ ላይ ወረደ፤ ድምፅዋ እንደ ተሰነጠቀ ቀንደ መለከት ሻከረ፤ መካከል ላይ ስቅታ ያዛት።

እትዬ ባየሽ ጀርባዋን እየመቱ ወደ ሳሌም ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ይቺን ልጅ ለማልቀስ የቀጠራት ማን ነው በናትሽ?»