የተቆጡት ዘበኞች

ልጄ ሒክማ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ስታደርግ በቀኝ ፈንታ ከግራ እጇ ጀመረች። አይቻለሁ፤ ግን እንቅልፍ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የማስብ ሴት፣ ያን ቀን ብቻ በጎ አሰብኩ።

ታኅሣሥ 2014 ነበር፤ ታጣቂዎቹ ከከተማችን ከሐይቅ ከወጡ ስንት ቀን እንደሆነ ገና መቁጠር አልጀመርንም። ሒክማ እንቅልፍ አጣች፤ የአፏ ጥግ ይንቀጠቀጥ፣ ብቻዋን ታወራ ጀመር። ሰፈሩ የጦርነት ድንጋጤ ነው፣ ይለቃታል አለ። የባሌ እህት ዙሌይካ ግን ሐይቁ ዳር ጂን ነክቷት ነው ብላ ሐሙስ ዕለት ዱዓ የሚያደርጉ ሰዎች ጠራችላት። ደሴ ልውሰዳት ብል፣ መንገዱ ገና አልተረጋጋም አሉኝ።

ዱዓው መሃል ልጄ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ተገታተረ። ሰዎቹ ጂኑ እየወጣላት ነው ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ልጄ አረፋ ስትደፍቅ እኔ አመሰገንኩ።

ጎረቤታችን አያሌው፣ ጡረታ የወጣ ነርስ ነው፣ ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። በጎኗ አስተኛትና ሰዓቱን አየ።

«ሀዲያ፣ የወጣ ነገር የለም። አንጎሏ ሳይቆጣ አይቀርም። አሁኑኑ ደሴ ውሰጃት።»

ባሌ ሙነወር ሚኒባስ ለምኖ አመጣ።

ደሴ ያገኘናት ሐኪም ከሒክማ ጀርባ አከርካሪ ፈሳሽ ወስዳ ካስመረመረች በኋላ አስረዳችኝ። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ። ነርቮች ደግሞ ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን መልእክቶች ይልኩላቸዋል፤ አንዳንዱ ያበርዳቸዋል፣ አንዳንዱ ያስቆጣቸዋል። የሚያበርዳቸው ሲያንስ የሚጠብቁትን ቤት ራሱን ይጎዱታል። እኔ ያሰብኩት በጦርነቱ ሰሞን ኬላ ላይ ጠላት ሲፈልጉ የሰፈራቸውን ሰው የደበደቡትን ጎረምሶች ነው።

«እኔ ነኝ ያስቆጣኋቸው? ተኩስ በሰማሁ ቁጥር አለቅን እያልኩ አስደነግጣት ነበር» አልኳት።

«ድንጋጤ ብቻውን ይህን አያመጣም። ምን እንደጀመረው አላወቅንም። ምልክቱ ከታየ ስንት ቀን ሆነው?»

ዘጠኝ ቀን አልኳት። ካርዱ ላይ ጻፈችው።

ቁጣውን የሚያበርድ መርፌ ጀመሩላት። አሥራ አንድ ቀን ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ቆየች፤ እኔ በልቤ ከፈንኳት። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ልትጠይቃት የመጣችውን ዙሌይካን ትክ ብላ አየቻትና ይሄ ሻሽ አያምርብሽም አለቻት። ዙሌይካ መሳቅ ጀምራ እንባዋ ቀደማት።

ቤት ስንመለስ አያሌው፣ ደግማ ብትወድቅ ሮጬ እንድገባ በሩን አትቆልፉ አለን። አንድ ወር ሙሉ ሳይቆለፍ አደረ። አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ሒክማ ቁልፉን ይዛ መጣች።

«እማ፣ ሌባውን ራት ጠርተሽዋል እንዴ?»

ብትወድቂስ አልኳት።

«ብወድቅ አንቺ አለሽ። አሁን በጎን ማስተኛት ታውቂያለሽ።»

ቁልፉን ተቀበልኳት፤ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት እንጂ አላዞርኩትም። ከእጄ ወሰደችውና እሷው ሁለት ጊዜ አዞረችው።