በክረምት ጀልባ፣ በበጋ እግር

ዘገዬ ከደሴ አሰብ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነውና፣ በመንገድ ነገር ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። መንገድ ይቦረቦራል፣ አሸዋ ይለብሳል፣ ድልድዩ ይሰበራል፤ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ከርሞ በበጋ ተመልሶ የሚመጣ መንገድ ግን አላየም፣ አልሰማም። ስለዚህ ዳውንታውን አትላንታ ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ አብሮት የሚሠራው ሙታሊብ የሚባል የባንግላዴሽ ልጅ፣ "እኛ አገር መንገዱ ግማሹን ዓመት ውሃ ሥር ነው፤ ውሃው ሲሄድ መንገዱ ይመጣል" ያለው ዕለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ዋና የሚችል መንገድ በለኛ" አለው።

ሙታሊብ አልተቀየመም። አቧራ የለበሰ መኪና ፈልጎ ኮፈኑ ላይ በጣቱ አገሩን ይሥል ጀመር።

"ይኸውልህ ዘገዬ ባይ" አለ። "ባይ" በእነሱ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው። "ይህ ሱናምጎንጅ ነው። ራሱን የቻለ አውራጃ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ከላይ በሰሜን የሕንድ ተራሮች አሉ፤ ዝናብ እዚያ ሲወርድ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስልህ። ከታች እኛ አለን፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን። ተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ ሳህኑ ውስጥ ይገባል።"

ሳህኑ ውስጥ የሚተኛውን ውሃ ሃኦር ይሉታል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አውራጃው ባሕር ይሆናል። መንደሮቹ አፈር ተቆልሎላቸው ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸውና ከውሃው መሀል ብቅ ብቅ ይላሉ። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በጀልባ ነው፤ ነጋዴው ሽንኩርቱን ጭኖ ከደጅ ደጅ ይቀዝፋል፤ ላሞቹ ጉብታው ላይ ታስረው ሣር በጀልባ ይመጣላቸዋል። ሂጆል የሚባለው ዛፍ ውሃው እስከ አንገቱ ቢደርስም ንቅንቅ አይልም። በኅዳር ውሃው ይሸሽና ዓሣ የተጠመደበት ሜዳ ሩዝ ይተከልበታል፤ ከሩሲያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችም ሰማዩን ሞልተው ይመጣሉ። "በክረምት ጀልባ፣ በበጋ እግር" የሚል አባባል አላቸው።

ዘገዬ የዳናኪልን በረሃ በጀሪካን ውሃ እየቆጠበ ያቋረጠ ሰው ነው። ይህን ያህል ውሃ የሞላበት፣ ግን ይህን ያህል ውሃ የማያነሣ ወሬ ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ልጁን ይወደዋል። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር "እስቲ ዛሬ ደግሞ ዋሸኝ" ይለዋል፤ ሙታሊብም ስለ ጀልባ ውድድሩ፣ ሰባና ሰማንያ ሰው ባንድ ጀልባ እየዘፈነ ስለሚቀዝፍበት፣ ያገቡ ሴቶች ሁሉ በክረምት በጀልባ ተጭነው አባታቸውን ለመጠየቅ ስለሚሄዱበት ወግ ያወራለታል።

ልጁ ራሱ በዚያው ክረምት ሊያገባ ነበር። እጮኛው ሹሌካ ያለችው ከሃኦሩ ማዶ ነው፤ ሙሽራ በጀልባ ነው የሚመጣው። ውሃው ከሸሸ ጭቃው እስከ ወገብ ነው፤ ከዚያ የሩዝ ሥራ ይመጣል፤ ሠርግ የሚባል ነገር ለሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ሁለት ክረምት "እመጣለሁ" ብሎ ቀርቷል። የልጅቷ አባት ዘንድሮም ከቀረ ለአንድ አስተማሪ እንደሚድራት ቁርጡን ልከውለታል። አለቃቸው ሚስተር ሆሎዌይ ስድስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥቶት፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ ለሹሌካ ቀይ ጫማ ተገዝቶ፣ ነሐሴን ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ለመሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሆቴሎቹ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ነበረና ማቆሚያው ጢም አለ። ዘገዬ የአንድ ጠበቃ ነጭ ካዲላክ ወደ ኋላ እያስገባ ነው፤ ሙታሊብ ከኋላ ቆሞ ይጠቁመዋል። ዘገዬ ወደ ኋላ ሲሄድ መስታወት አያይም። ሃያ ዓመት ሙሉ ረዳቱ ከኋላ "ና፣ ና፣ ና" ሲለው መጥቶ፣ "በቃ" ሲለው ቆሞ የኖረ ነው። ያን ቀንም ከኋላው "ና፣ ና፣ ና" ሲባል ሰማ፤ መጣ። ድምፁ ሲበረታ እሱም በረታ። የካዲላኩ ቂጥ ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር እስኪሳሳም ድረስ መጣ።

ከዚያ የተከተለው ጭቅጭቅ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ሌላ የጋራ ቋንቋ የላቸውማ።

"ካም ብለኸኛል" አለ ዘገዬ።

"ኖ ነው ያልኩህ" አለ ሙታሊብ።

"በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ።"

ሚስተር ሆሎዌይ ሁለቱንም እያፈራረቀ አየና፣ "አንዳችሁ እየዋሻችሁ ነው" አለ። "ሰኞ ጠዋት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ። የጠቋሚው ከሆነ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የነጂው ከሆነ ቁልፍ አይነካም፣ መጥረጊያ ይይዛል።"

ዘገዬ በጣም ተናደደ። መጥረጊያውን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ይህን ያህል የወደደው ልጅ ዓይኑ እያየ ሲክደው አንጀቱ አረረ። ማታ ለብቻው ሲያስበው ግን ምን ይገርማል አለ። መንገድ ይሰጥማል ብሎ የማለ ሰው ሌላውንስ ለምን አይምልም? ጠዋት ከሌሎቹ ሠራተኞች ፊት "ውሸታም" ብሎ ጠራው። ሙታሊብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ቅዳሜ ግን ደውሎ፣ "እሑድ እህቴ ቤት ምሳ ብላ፤ እዚያ እንነጋገር" አለው። ጥፋቱን ሊያምን ነው ብሎ ዘገዬ ከቅዳሴ በኋላ እህትየው ወደምትኖርበት ወደ ማሪዬታ ከተማ ነዳ።

የሙታሊብ እህት ሩኪያ ሩዝ፣ ምስርና ዓሣ አቀረበች። ፍልሰታ ነውና ዘገዬ ዓሣውን አሳለፈ፤ ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር ማሪዬታ ላይ ሊጀምር አልፈለገም። ነገሩን ለማስጀመር ያህል ስለ አገራቸው ጠየቃት። እሷም የወንድሟን ወሬ ያልሰማች ይመስል ያንኑ ትነግረው ጀመር፤ መንገዱ ሲሰጥም፣ ዳክዬው ሲመጣ፣ እሷ ራሷ ባገባች በመጀመሪያው ክረምት አባቷ ቤት ስትሄድ ጀልባው ላይ ከደስታዋ ብዛት ጫማዋን ውሃ ውስጥ መጣሏን ሳይቀር። ዘገዬ ተጠራጠረ። ውሸት ቢሆን ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንኳ መለያየት ነበረባቸው።

ሩኪያ ሞይና የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ሳህኗን ገፍታ አኩርፋ ተቀምጣለች። ዘገዬ ልጅ ሳይበላ ማየት አይሆንለትም። ሩዙን በምስር ጠቅልሎ ጉርሻ ዘረጋላት።

"ና፣ ና" አለች ልጅቷ።

"እሺ የኔ እመቤት፣ መጣሁ" ብሎ ወንበሩን አስጠጋ።

"ና፣ ና፣ ና።"

ዘገዬ ወንበሩን ትቶ ተንበረከከና ጉርሻውን ከአፏ አደረሰ። ልጅቷ እጁን በጥፊ አለችው፤ ሩዙ ጢሙ ላይ ተበተነ፤ ለቅሶዋ ሕንጻውን ሞላው።

"ይቅርታ ባይ" አለች ሩኪያ እየሳቀች። "አልፈልግም ብላህ እኮ ነው።"

"ና ብላኝ?"

"ና ማለት እምቢ ማለት ነዋ። አይሆንም፣ ተው ማለት ነው።"

ዘገዬ እንደተንበረከከ ወደ ሙታሊብ ዞረ። "ሐሙስ ዕለት በየትኛው ቋንቋ ነበር የጮኽኸው?"

ሙታሊብ አሰበ። ሰው ሲደነግጥ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። "በቤንጋልኛ መሰለኝ" አለ።

"በእኛ ቋንቋ 'ና' ማለት 'ካም' ማለት ነው" አለ ዘገዬ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ልጁ ተው ተው እያለ ሲለምነው እሱ በርታ ያለው መስሎት ነድቷል። ሁሉም ሳቁ፤ ሞይናም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለቅሶዋን ትታ ሳቀች። ዘገዬ ግን ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠበት። ሰው ፊት ውሸታም ያለው ታወሰውና አፈረ፤ እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም። "ይቅር በለኝ" አለው። ሙታሊብ ሩዙን ከጢሙ ላይ ለቀመለት።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ሆሎዌይ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማና ራሱን ነቀነቀ። "ሐሙስ ዕለት ለየብቻ ትዋሹ ነበር፤ አሁን ተስማምታችሁ መጣችሁ" አለ።

"ሌላ ኢትዮጵያዊ አምጥተን እንሞክረው" አለ ዘገዬ።

"አንተ አታመጣም፤ እኔ ነኝ የምመርጠው" ብሎ ሆቴሎቹ ደጅ ወደተሰለፉት ታክሲዎች ተመለከተና ጣቱን ቀሰረ። ዘገዬ የተቀሰረበትን ሰው ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ። ወንዳፍራሽ ነው። ወንዳፍራሽ የታክሲው ሰልፍ የማቆሚያውን በር ዘጋ ተባብለው ከተጣሉ ወዲህ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈገው፣ እሱን የሚጎዳ መስሎ ከታየው የገዛ ታክሲውን ገደል የሚከት ሰው ነው። ደግነቱ ለምን እንደተጠራ አልተነገረውም። ዘገዬ ከገንዘብ መቀበያዋ ዳስ ጀርባ እንዲደበቅ ታዘዘ። እዚያ ሆኖ እመቤታችንን በጾሟ ለመናት።

ባዶ ካርቶኖች ምሰሶው ሥር ተደረደሩ። ወንዳፍራሽ ታክሲውን ወደ ኋላ እንዲያስገባ ተነገረው። ሙታሊብ ከኋላ ቆሞ፣ እንደ አለቃው ትእዛዝ፣ በአገሩ ቋንቋ "ተው" ማለት ጀመረ። "ና፣ ና፣ ና" ሲለው ወንዳፍራሽ አንገቱን እንኳ ሳያዞር መጣ። ሙታሊብ እውነትም ካርቶኖቹ አሳዝነውት ጮኸ፤ ወንዳፍራሽም ነዳጁን ጨመረ። ካርቶኖቹ አንድ በአንድ ጠፍጣፋ ሆኑ።

ወንዳፍራሽ ወርዶ አየና ደሙ ፈላ። "አንተ ሰውዬ" አለ በአማርኛ፣ ለሙታሊብ፣ "ና ና እያልክ ባክ አስደርገኸኝ ባምፐሬን ልታስበላኝ ነበር እኮ። ሰው አትሆንም?"

ሚስተር ሆሎዌይ ምን እንዳለ ጠይቆት ወንዳፍራሽ ራሱ በእንግሊዝኛ ሲደግምለት፣ ሲጋራው ከአፉ ወደቀ። እየሳለ ሳቀ፣ እየሳቀ ሳለ። ከዚያ ለዘገዬ ቁልፎቹን፣ ለሙታሊብ ፈቃዱን መለሰላቸውና፣ ከእንግዲህ እዚህ ቦታ መኪና የሚጠቆመው በፉጨት ብቻ ነው አለ። ወንዳፍራሽ ምን ውለታ እንደዋለላቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያስረዱትም በቅጡ አልገባውም፤ ዘገዬ ግን ምሳ ጋብዞት ዕርቅ ወረደ።

ሙታሊብ ሐሙስ ማታ ቀይ ጫማውን በብብቱ ይዞ በረረ። ነሐሴ አትላንታን ይቀቅላታል፤ ዘገዬ የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን እየሮጠ፣ እየተነጫነጨ፣ ግን ደስ ብሎት ሰነበተ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እሱ ግን ከመኪና መኪና ሲሮጥ፣ አሁን ጀልባው ተነሥቶ ይሆን፣ ውሃው ይበቃ ይሆን እያለ ያስብ ነበር።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ሚድታውን ዘውድነሽ ምግብ ቤት ከነወንዳፍራሽ ጋር ተቀምጦ ሱናምጎንጅን ይነግራቸው ጀመር። መንገዱን፣ ጉብታው ላይ ያሉትን ላሞች፣ አንገቱ ድረስ የሰጠመውን ዛፍ፣ በጀልባ የሚሄደውን ሙሽራ አንድም ሳያስቀር አወራ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ዘውድነሽ ራሷ ትሪውን ይዛ ቆማ ሳቀች።

"አንተ ደግሞ ለመዋሸት እስከ ባንግላዴሽ ምን አደከመህ?" አለው ወንዳፍራሽ። "አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"ታዲያ በምን ትምላለህ?"

"ያየው ሰው ነግሮኛል" አለ ዘገዬ። "እሱ ደግሞ አይዋሽም።"