የዴንስማ ቂም

ዴንስማ ልጇን የቀበረችው በጸደይ መባቻ፣ የሜዳው በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ፣ መሬቱ ለዶማ እምቢ በሚልበት ወራት ነበር። ልጅቷ ናርማ ትባላለች። ሳቂታ ነበረች፤ በፈረስ ስትጋልብ ከወንዶቹ የምትቀድም፣ ለዚህም ስትታማ የኖረች ልጅ። በሻርታል ወረዳ ጤና ጣቢያ አንድ ማለዳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ናርማም ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ።

የወረዳው ብቸኛ ሐኪም ዶክተር ሆርሎ ናት። ያላትን መድኃኒት ሁሉ ሰጠች፤ ክንዷ እስኪዝል ድረስ የናርማን ሆድ ጨመቀች፤ ደም ግን አልነበራትም። ከውጭ በእርዳታ የመጣው የደም ማቆያ ፍሪጅ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው፣ ባለፈው መኸር "ለጥገና ወደ ዋና ከተማ ተልኳል" ተብሎ በጭነት መኪና ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም። የክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከዚያ ደም ይዞ የተነሣው መኪና ግቢው ሲደርስ ናርማ በእናቷ ክንድ ላይ ቀዝቅዛ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ሐዘኑ ሳይወጣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ቤተሰቡ ወላዷን ያመጣው ዘግይቶ ነው፤ ጥፋቱ የራሱ ነው ይላል። ከሥሩ የዶክተር ሆርሎ ፊርማ ነበረበት። ዴንስማ ግን ልጇን በጋሪ ጭና ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት ምጡ ከመጀመሩ በፊት ነው። ምድጃ አጠገብ አብረው ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል፤ ሆርሎ ራሷ ናት የቀዳችላቸው።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች መጡ። የወረዳው አስተዳዳሪ ጎንቺግም አብሯቸው መጣ፤ ሆዱ ቀበቶው ላይ የተኛ፣ ድምፁ የሞላ ሰው ነው። ለዴንስማ ባል ለሉብሳን አንድ ግራጫ ድንጉላ ከነልጓሙ አመጣለት፤ ለናርማ ባል ደግሞ በጽሕፈት ቤቱ የሾፌርነት ሥራ ቃል ገባለት። ወንዶቹ በመኖሪያ ድንኳኑ የክብር ቦታ ተቀምጠው ስለ ክረምቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ከዚያም ስለ እርቅ ተነጋገሩ። ዴንስማ በምድጃው በኩል ቆማ ሻይ ትቀዳለች። ማንም ዞር ብሎ አላያት፣ ምን ትያለሽ ያላትም የለም። ሉብሳን እጁን ዘርግቶ ልጓሙን ተቀበለ፤ ነገሩ አለቀ ተባለ።

ጎንቺግ ሊወጣ ሲል ትዝ አለችውና ወደ እሷ ዞረ።

"እትዬ ዴንስማ፣ አይዞሽ እንግዲህ። ሴት ልጅ ወልዳ ስትሞት በኛ አልተጀመረም። የጠፋብሽ ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔም ቁጭ ብዬ አብሬሽ አለቅስ ነበር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣቁን በሻይ ጽዋው ሸፈነ። ዴንስማ የጎንቺግን ጽዋ ተቀብላ በሁለት እጇ እንደገና ሞላችለት። ቂሟን የቋጠረችው ያኔ ነው።

ሉብሳን ማታውን ሊያባብላት ሞከረ። መንግሥትን ከሰን የት እንደርሳለን፣ የሞተ አይነሣም፣ ድንጉላው ደግሞ ዘሩ መልካም ነው አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን የምታናግረው ስለ ከብት ብቻ ሆነ። ያለ እናት የቀረችውን ሕፃን በፍየል ወተት ማሳደግ ያዘች። አባትየው ለሴት ልጅ ስም ለማውጣት ስላልቸኮለ ስሟን ዴንስማ ራሷ ሴርጌለን አለቻት።

በጋው ሲገባ የጎንቺግ ሚስት ዶልጎር ለበጋ ሰፈራቸው ባዝራ የምታልብ፣ አይራግ የምታፈላ ሴት እየፈለገች እንደሆነ ተሰማ። አይራግ ከባዝራ ወተት የሚፈላ መጠጥ ነው፤ በሻርታል ደግሞ እንደ ዴንስማ አድርጎ የሚያፈላው አልነበረም። ዴንስማ ሕፃኗን አዝላ ሄደችና ሥራውን ጠየቀች።

ዶልጎር ደነገጠች። ጎንቺግ ግን ደስ አለው። እርቁ የምር ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይመጣል ብሎ ለእንግዶቹ እያሳየ ይኩራራ ጀመር። የወረዳው ሴቶች ግን ውኃ ስትቀዳ ሲያገኟት ፊታቸውን አዞሩባት። አንዷ ጎረቤቷ እንዲያውም "የልጅሽን ደም ስንት ሸጥሽው?" አለቻት፣ ሌሎቹ እየሰሙ። ዴንስማ ባልዲዋን ሞልታ መንገዷን ቀጠለች።

እዚያ ሰፈር ስትገባ በልቧ የነበረው ቢላዋ ነው። ጎንቺግ ከምሳ በኋላ ጠጥቶ በጀርባው ይተኛል፤ አንገቱ ወፍራምና ነጭ ነው፤ የሥጋው ቢላዋ ደግሞ የሚቀመጠው እሷ እጅ ነው። አንድ ቀን በላዩ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዝንብ ከንፈሩ ላይ አርፋ ተነሣች። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ይሄ ሰው ቢሞት ወረዳው ይቀብረዋል፣ ጥሩንባ ይነፋለታል፣ ሚስቱ ታለቅስለታለች፤ እሱም ምንም ሳያውቅ ይሄዳል። እንዲያውቅ ፈለገች። ቆሞ እያየ እንዲዋረድ ፈለገች። ቢላዋውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ፍሪጁን ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ጎንቺግ ከአንድ የክፍለ ሀገር ባለሥልጣን ጋር ለሚበላው ግብዣ በግ ታረደና ዶልጎር ሥጋውን ከኋላ ወዳለው ዕቃ ቤት ድንኳን እንድትወስደው አዘዘቻት።

"ነጩ ውስጥ አስገቢው። አደራ፣ ክዳኑን ቶሎ ዝጊው፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ።"

ዴንስማ የተሸፈነበትን ሱፍ ገለጠች። ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ነጭ ፍሪጅ ነው። ፊቱ ላይ የደም ጠብታ ሥዕል ተለጥፎበታል። ከሥዕሉ በታች በቀይ የጥፍር ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈት "ሻርታል ጤና ጣቢያ፣ ማዋለጃ" ይላል። ሽቦው ወጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ ፀሐይ ከሚሞቀው ጥቁር ሰሌዳ ጋር ተያይዟል። ከፈተችው። የበግ ጎድን፣ ቅቤ፣ ቮድካ፣ ለዶልጎር ከከተማ የመጣ ኬክ። እጇን ከጠርሙሶቹ መሐል ሰዳ እስኪደነዝዝ አቆየችው። ልጇ ደም አጥታ ስትሞት ይህ ዕቃ የሰውዬውን ቮድካ ያቀዘቅዝ ነበር።

ሥጋውን አስገብታ፣ ክዳኑን እንደታዘዘችው ቶሎ ዘጋችው።

በማግስቱ አይራግ ላደርስ ነው ብላ ወደ ወረዳው ማዕከል ወረደችና ዶክተር ሆርሎን ጤና ጣቢያው ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። ሆርሎ ስታያት ወንበሩን ይዛ ቆመች። ዴንስማ አልተቀመጠችም፣ ሰላምታም አልሰጠች።

"ፍሪጁ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

ሆርሎ ፍሪጁ ቀድሞ ወደነበረበት ጥግ ተመለከተች።

"ታውቂያለሽ።"

"ፈርሚ አሉኝ፣ እትዬ ዴንስማ። አልፈርምም ካልሽ ሥራሽን ልቀቂ፣ ባል የሌላት ሴት የት ሄዳ ልጆቿን እንደምታበላ እናያለን አሉኝ። እኔ..."

"እሱን ለራስሽ ንገሪው። እኔ ይቅርታ ልሰጥሽ አልመጣሁም፤ ካንቺ ዘንድ ጉዳይ ስላለኝ ነው። እምቢ ካልሽ ደግሞ ልጄን ከገደሏት ሰዎች ከጎንቺግ ቀጥሎ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን ስጨርስ ተራው ያንቺ ይሆናል።"

ሆርሎ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዴንስማ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ነገረቻት። ስትወጣ ሆርሎ የማዋለጃውን መጋረጃ ይዛ ቆማ ነበር።

የናዳም በዓል ደረሰ። ሻርታል ሁሉ ተነቅሎ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ትግል አለ፣ ቀስት አለ፣ የፈረስ ሽቅድድም አለ። ዘንድሮ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪና የጤና ቢሮ ኃላፊዎች በእንግድነት ተጠርተዋል፤ የክፍለ ሀገሩ ቴሌቪዥንም ሽቅድድሙን ሊቀርጽ መጥቷል። ጎንቺግ ደረቱን በሜዳልያ ሞልቶ ከእንግዶቹ መሐል ተቀምጧል። ፈረሱ አንደኛ ወጣለት።

ባሕሉ እንዲህ ነው፦ ፈረሱ ላሸነፈለት ሰው ወዳጆቹ ስጦታ ያመጣሉ፤ ስጦታው በሰማያዊ ሐር ተሸፍኖ ይቀርባል፤ ባለቤቱም በራሱ እጅ ይገልጠዋል። ዴንስማ በበሬ የሚሳብ ጋሪ እየነዳች በሕዝቡ መሐል ገባች። ሴርጌለን ጀርባዋ ላይ ናት። ጋሪው ላይ በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ነገር አለ። ሰፈሩ ለበዓሉ ባዶ ስለነበር ማንም ሲጭኑት አላየም፤ የጫነችው ከሆርሎ ጋር ነው፣ ሁለቱ ሴቶች ወገባቸው እስኪቆረጥ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ልጇን ባሳጣት ሰው ደጅ ስጦታ ይዛ የምትመጣ እናት ታይታ አታውቅም። ሉብሳን ከተቀመጠበት ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ጎንቺግ ግን ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎ ሣቀ።

"አያችሁ? የኛ ሰው እንዲህ ነው። ቂም አያውቅም" አለ። ካሜራው እንደዞረለት አይቶ፣ መጐናጸፊያውን አስተካክሎ ወጣና ጨርቁን ያዘ።

ሳበው።

ፍሪጁ በፀሐይ አበራ። የደም ጠብታው፣ ቀዩ ጽሕፈት፣ ሁሉም ይታያል። ጎንቺግ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። ዴንስማ እጇን ዘርግታ ክዳኑን ከፈተችለት።

"የልጄ ደም ማስቀመጫ ነው" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፊት ያሉት ሰሙ፣ ለኋለኞቹ ደግሞ እነሱ አቀበሉ። "አንተ ለጥገና ተልኳል ያልከው። በጓዳህ አገኘሁት። ሥጋህ አልተበላሸም፣ ቮድካህም ቀዝቅዟል። ና ጠጣ።"

"ይቺ ሴት ልጇ ከሞተች ወዲህ አእምሮዋ..." ብሎ ጀመረ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አለች ዶክተር ሆርሎ። ከጋሪው ጀርባ ወጥታ ነበር፤ ነጭ ጋወኗን ለብሳለች። "በጊዜ ነው ያመጧት። ዘገዩ ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። ያስፈረመኝ እሱ ነው። ይሄንንም ጽሕፈት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ የጥፍር ቀለም።"

ከክፍለ ሀገር የመጡት እንግዶች ተነሡ፤ ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት ይጣራል እያሉ ወደ መኪናቸው ማምራት ጀመሩ። ያኔ ያቺ ውኃ ስትቀዳ ዴንስማን የዘለፈቻት ጎረቤት ለእንግዶቹ ይዛ የቆመችውን የአይራግ እንስራ መኪናው ፊት ገለበጠችው። አጠገቧ ያለችውም ገለበጠች። ቀጥሎ ሌሎቹ። ወላዶች ነበሩ፣ የወላድ እናቶች ነበሩ፤ እያንዳንዷ በሆዷ የያዘችው አንድ ነገር ነበራት። ወንዶቹ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ መንገዱን ዘጉ። ካሜራ ያዡ ወጣት ማንም አቁም ስላላለው ቀረጻውን ቀጠለ፤ በኋላ ነገሩን ማፈን ያልተቻለው በዚህ ነው።

ጎንቺግን ሜዳው ላይ ማንም አልነካውም። ሴቶቹ በሚያልፍበት ሁሉ መንገድ ለቀቁለት፣ በሽታው እንደሚጋባ ሰው። የሣር ቅጠል ሳይረግጥ የሚሄድ ይመስል እየተጠነቀቀ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ዴንስማ እስኪገባ ድረስ ዓይኗን ከጀርባው አልነቀለችም። ያን ሁሉ ወር ያጣችው እንቅልፍ በዚያች ቅጽበት ዓይኗ ላይ መጣ።

ክሱ ሲታይ ፍሪጁ ብቻ አልሆነም። የማዋለጃው ማሞቂያ በክረምት ቤቱ ተገኘ፣ ለነርስ የተመደበው ደመወዝ ለዘመዱ ሲከፈል መኖሩ ታወቀ፣ ሌላም ሌላም ወጣ። ጎንቺግ እስር ተፈረደበት። ሆርሎም ሥራዋን አጣች። ዴንስማ ለሆርሎ አልተሟገተችላትም፤ ግን ዳግመኛ አልዛተችባትም። ሉብሳን ድንጉላውን ልመልስ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ድንኳኗን ነቅላ፣ ከብቷን ለይታ፣ ከወንዙ ማዶ ለብቻዋ ተከለች።

ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ አለ። ለዴንስማ ግን ገና ነበር።

በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ሴርጌለንን አዝላ ወደ ክፍለ ሀገሩ እስር ቤት ሄደች። ደረቅ አይብና የተጠበሰ ሊጥ ይዛ ነበር። ጠባቂው ለማን ነው ሲላት ስሙን ነገረችው። ጎንቺግ የመጣችው ሚስቱ መስላው ፈጥኖ ወጣ፤ ዶልጎር ግን ወደ ዘመዶቿ ከሄደች ቆይታለች። ከሽቦው ማዶ ያገኘው ዴንስማን ነው። ጉልበቷ ላይ ሕፃኗን አስቀምጣ ትጠብቀዋለች።

"ምን ፈለግሽ?" አላት።

"ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለችና ምግቡን በቀዳዳው አሳለፈችለት። "ይህች ሴርጌለን ናት። ጥርስ አውጥታለች። ሳቋ የእናቷ ነው፣ እየው።"

ሕፃኗ ሳቀችለት።

ዴንስማ ከዚያ ወዲህ አንድም የጥየቃ ቀን አላስቀረችም። በበረዶም፣ በአሸዋ ማዕበልም ትመጣለች። ስድብ አትናገርም። ምግብ ታቀብለውና ልጅቷ ምን እንደለመደች ትነግረዋለች፦ መዳህ ጀመረች፣ ፍየሏን በስም ጠራች፣ ሌሎች ልጆች እናቴ ሲሉ ሰምታ የእኔስ እናት ብላ ጠየቀች። ጠባቂዎቹ እንዲህ ያለ ደግ ሴት አይተን አናውቅም እያሉ ወንበር ያመጡላት ነበር። ሌሎቹ እስረኞችም እንዲህ ያለ ጠያቂ ስላለህ እድለኛ ነህ ይሉታል። ጎንቺግ እንዳትመጣ ከልክሉልኝ ብሎ ለእስር ቤቱ አለቃ አመለከተ። አለቃው ምን አደረገችህ ብሎ ጠየቀው። ምግብ ታመጣልኛለች አለ።

አንድ ጊዜ ጎንቺግ ከሽቦው ጋር ግንባሩን አስጠግቶ በሹክሹክታ ለመናት። ሆዱ ሟሙቶ፣ ድምፁም አንሶ ነበር።

"እትዬ ዴንስማ፣ በቃኝ። ምግቡንም አልፈልግም። እባክሽ ተይኝ። እስከ መቼ ነው?"

ዴንስማ የሴርጌለንን የኮፍያ ማሰሪያ እያሰረች ነበር። ጨርሳ ቀና አለች።

"ዛሬ ገና ስለ ጫማዋ አልነገርኩህም" አለችው። "ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ።