በእሷ ስም የተነገረው

«ተታልላ እኮ ነው ሰውን ማስጠንቀቅ የጀመረችው! እሷ ራሷ ተታልላ!» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከለቅሶው ድንኳን፣ በመዳፋቸው የያዙትን ንፍሮ ወደ አፋቸው ሳያደርሱ።

አቶ ሀብተሥላሴ ሳሎኑ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ወለተሰንበት የተቀበረችው ትናንት ነው። ልቧን አሟት በሦስት ቀን ውስጥ ሄደች። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ፣ እድሩ ደጃቸው ላይ በተከለው ድንኳን ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ወሬው ለእሳቸው እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር፤ ይሰሙታል እንጂ አያዳምጡትም።

«ማን ነው ያታለላት?» አለች ለቅሶ ልትደርስ ከሰንጋ ተራ የመጣች ሴት።

«በስልክ ነዋ! ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር አንብቢልን አሏት። አነበበችላቸው። ለዓይኗ ኦፕራሲዮን ያስቀመጠችውን ጥርግ አድርገው ወሰዱት። ‹ድንቄ፣ ሞኟ እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳትደግሚው› ብላ ስትነግረኝ ቅንጣት አላፈረችም። እስቲ አሁን፣ እንዲህ ያለ ገመናውን የሚያወጣ ማን አለ?»

አቶ ሀብተሥላሴ የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ወለተሰንበት ተታልላ አታውቅም። የተታለሉት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ፍርድ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በሬጅስትራርነት፣ በመዝገብ ቤት ኃላፊነት፣ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በሥራ ዘመናቸው ልደታ አካባቢ እሳቸውን የማያውቅ ባለጉዳይ አልነበረም። ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ላብ ያጠምቀው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ስልካቸው ዝም አለ። መንገድ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያነሣላቸው ሰው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ይቆረቁራቸው ነበር እንጂ።

ስለዚህ የዚያን ዕለት የደወለው ሰው ቁልፉን አግኝቶት ነበር ማለት ነው።

«ክቡር ሬጅስትራር ሀብተሥላሴ ነዎት?» አለ።

ክቡር! በጆሯቸው ይህን ቃል ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው!

«እርስዎን የመሰሉ ነባር ደንበኞቻችንን ሒሳብ ወደ አዲሱ አሠራር እያዛወርን ነው። ዛሬ ካልተዛወረ ይታገዳል። እርስዎን የመሰለ ሰው ወረፋ ላይ እንዳይጉላላ ብለን ነው።»

ስልካቸው ላይ የመጣውን ስድስት አኀዝ፣ ችሎት ፊት መዝገብ የሚያነቡ ይመስል፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ በአንድ አነበቡለት። ወለተሰንበት ከጓዳ ብቅ ብላ «ከማን ጋር ነው?» ስትላቸው፣ በእጃቸው ዝም በይ አሏት።

በማግስቱ ከባንክ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ላይ ተቀመጡ። የሄደው ገንዘብ ለወለተሰንበት ዓይን የተቀመጠ ነው፤ አብዛኛውን ያዋጣችው ደግሞ አንድዬ ልጃቸው ማሂ ናት።

«ወለተ፣ ለሰው እንዳትነግሪ» አሉ። «በዚህ ሰፈር ሰው ፊት መቆም አልችልም።»

«ማሂ ትጠይቃለች እኮ።»

«ለእሷም ቢሆን።»

ወለተሰንበት አጎንብሳ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታች። «ለእሷ የምለውን እኔ አውቃለሁ። አንተ አትጨነቅ» አለች።

ምን ብላ እንደምትነግራት አልጠየቋትም። ያልጠየቁት መልሱን መስማት ስላልፈለጉ እንደነበር ያን ጊዜም ልባቸው ያውቀዋል።

ወለተሰንበት አንድ ዓይኗን ጭጋግ እንደጋረደው ወረዳ ሄዳ ጤና መድህን ተመዘገበች። ተራዋን ጠበቀች፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተጻፈላት፤ ሞራዋ ተነሣ። ፋሻው ተፈቶላት ቤት የገባች ዕለት በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና፣ «ሀብቴ! ለካ እንዲህ ሸብተሃል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ተቀመጠችና ሳቋን ተወች። «ይሄ መድህን እኮ ደጃችን ነበር። እኛ አላወቅነውም። ድንቄም አታውቅም፣ ሀሚዳም አታውቅም። ስንቱ ነው ዓይኑ እየጠፋ፣ ስኳሩ እየጨረሰው ቤቱ የተቀመጠው?»

ከዚያ ወዲህ ማን ይያዛት! በሳምንት ሦስት ቀን የሽማግሌዎቹንና የአሮጊቶቹን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ ቤት ለቤት ትዞራለች። ያልተመዘገበውን ታስመዘግባለች፤ ጊዜው ያለፈበትን ታሳድሳለች፤ መሄድ ያቃተውን ደግፋ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ከፋይ የላት፣ አዛዥ የለባት። አቶ ሀብተሥላሴ አንድም ቀን አብረዋት ወጥተው አያውቁም። ቤታቸው ለመጣ ሰው ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ማውራት ስትጀምር ጋዜጣቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። አሁን መስኮቱ ሥር ሆነው የሰሙት ነገር፣ ያ በር ከተዘጋ በኋላ የሚወራው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ሀሚዳ መጣች። ከወሎ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ «አላህ ያጽናዎት ጋሼ ሀብቴ» አለች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ እየወሰደች።

«አሜን፣ ሀሚዳ።»

«ሁለቴ ደውለውብኛል እኮ። ሁለቴም ዘግቼባቸዋለሁ።» እያለቀሰች ፈገግ አለች። «ታለማምደን ነበር። የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ትይዝና፣ በወንድ ድምፅ፣ ‹እማማ፣ ከጤና መድህን ነው፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ለእናትህ ደውልላት!› ብዬ እዘጋለሁ። ‹ስድቡ ይቅርብሽ፣ መዝጋቱ ይበቃል› ትለኛለች። እኔ ግን ሳልሰድብ መዝጋት አልሆነልኝም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሪሞቱን በወለተሰንበት እጅ ላይ አሰቡትና ከንፈራቸው ሳያስቡት ላላ።

«ሌላው ሰው ገመናውን ይሸፍናል» አለች ሀሚዳ፤ «እሷ ግን ገመናዋን ገልጣ ለኛ ጋቢ አደረገችው። ያታለሉት እኔን ነው ባትለን ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? ‹እኛን እንደ ሞኝ ቆጠረችን› ብለን እንቀየማት ነበር።»

ሀሚዳ ስትወጣ ማሂ መጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ ሰንብታ ፊቷ አብጧል። አቶ ሀብተሥላሴ ብዙ ካመነቱ በኋላ፣ «ማሂዬ፣ ያኔ የዓይኗ ገንዘብ ምን ሆነ ብላ ነው የነገረችሽ?» አሏት።

«አባዬ፣ አሁን ተወው።»

«ንገሪኝ።»

«ተታለልኩ አለችኝ።» ማሂ ጥቁር ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ ዳበሰች። «ጮህኩባት አባዬ። እናቴ ላይ ጮህኩባት። ‹ለምን አባዬን አላማከርሽም? እሱ ቢሆን አይሸወድም ነበር› አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ ‹እውነትሽን ነው ልጄ፣ እሱ አይሸወድም ነበር› አለችኝ። ሁለት ወር አልደወልኩላትም።»

አቶ ሀብተሥላሴ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከሩቅ የመጡ ዘመዶች «ወይኔ እህቴን!» እያሉ ገቡ፤ ማሂ ልትቀበላቸው ተነሣች። ቃሉን ዋጡት። መራራ ነበር።

በማግስቱ ሠልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቁርሱ ከተነሣ በኋላ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቶኩማ ቆሙ። ሰብሰብ ያሉ፣ ንግግር የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ለመጣችሁልን ሁሉ እግዜር ይስጥልን» አሉ። «ወለተሰንበትን የማያውቅ እዚህ የለም። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በእሷ እጅ መድህን ያልገባችሁ ብትኖሩ ጥቂት ናችሁ። እሷ ራሷ በሌባ ተታልላ፣ እኛ እንዳንታለል...»

«አቶ ቶኩማ፣ ይቅርታ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የማሂን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ያው የድሮው ነበር፣ ከድንኳኑ ዳር እስከ ዳር የሚሰማው።

«ወለተሰንበት ተታልላ አታውቅም። የተታለልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ያነበብኩለት በዚህ አፌ ነው። ለምን ብትሉ፣ ክቡር ስላለኝ።»

አንድ ሰው ሳል ጀመረውና አፈነው።

«ለሰው እንዳትነግሪ ብዬ ለመንኳት። አልነገረችም። እናንተ ደግሞ እንደ እኔ ስትዘረፉ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም። የእኔንም ፊት፣ የእናንተንም ቤት ልታተርፍ ብላ ነገሩን በራሷ ስም አደረገችው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሐሰት ምስክር ሳይ ኖሬያለሁ፤ ሁሉም ራሱን ሊያድን የሚዋሽ ነበር። እንዲህ ያለውን አላየሁም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አራት ዓመት በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ ሄድኩ። ልጇ ስትቆጣት እንኳ ‹አባትሽ አይሸወድም› ብላ አከበረችኝ። ይህን የሰማሁት ትናንት ነው። አንድም ቀን አላመሰገንኳት። እናንተ ፊት ላመስግናት ብዬ ነው የቆምኩት። እግዜር ይስጥሽ፣ ወለተ።»

ከደጅ የታክሲ ረዳት «አብነት! አብነት!» ሲል ይሰማል። አቶ ሀብተሥላሴ የሚመጣውን ጠበቁ። አራት ዓመት የፈሩት ይህችን ደቂቃ ነበር።

አቶ ቶኩማ እንደቆሙ ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጥቂት አገላበጡና፣ «እኔም» አሉ።

«ምን እርስዎም?» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ።

«እኔም ተታልያለሁ። አምና ‹የጤና መድህን አሳድሳለሁ› ብሎ ቤቴ ለመጣ ሰውዬ ያለ ደረሰኝ ከፍያለሁ። ወረቀቱ የውሸት ሆነ። የእድር ሊቀመንበር ሆኜ እንዴት ብዬ ልናገር? ለእሷ ብቻ ነገርኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«‹አይዞህ ቶኩማ፣ ካንተ የበለጠ የተማረም ተሸውዷል› አለችኝ። ማን ነው ብዬ ብወተውታት አልነግርህም አለችኝ።» አቶ ሀብተሥላሴን ቀና ብለው አዩአቸው። «አሁን ገና ገባኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሳቁ ከሴቶቹ ወገን ተነሥቶ ወንዶቹ ዘንድ ደረሰ፤ የለቅሶ ሳቅ፣ እንባ ያልተለየው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ «አንቺ ተንኮለኛ! አራት ዓመት ሙሉ ሸወድሽን!» አሉና ያንኑ ሳቃቸውን ወደ እንጉርጉሮ ቀየሩት። አቶ ሀብተሥላሴም ሳቁ። እየሳቁ ሳለ ከተቀበረች ወዲህ እምቢ ያላቸው እንባ መጣ።

ማሂ አንገታቸው ሥር ገብታ ነበር። «አባዬ፣ አሁን እኔ የት ሄጄ ነው ይቅርታ የምጠይቃት?» አለች።

«አላውቅም ልጄ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አሏት፤ ጭንቅላቷንም ያዙት።

ድንኳኑ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሀሚዳ በሩን በዝግታ መታች። አልገባ ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ሐዘንዎ ላይ ማስቸገሬ ነው ጋሼ ሀብቴ። መድህኔ የሚታደስበት ቀን ነገ ያልቃል። ከእሷ ጋር ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበር። ብቻዬን ብሄድ የሚሉኝ አይገባኝም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ኮታቸውን ከመስቀያው አነሡ።

«አባዬ!» አለች ማሂ ከውስጥ። «ገና የሐዘን ጢምህን ሳትላጭ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ይላል ስል አይደል እንዴ እናትሽን ያለ ምስጋና የሸኘኋት» አሉና ወጡ።

መንገዱ አጭር ነው፤ የሀሚዳ እግር ግን ስለሚያማት በየግንቡ ጥግ እያረፉ ሄዱ። ክንዷን ያዙላት። የት ጋ አስፋልቱ እንደተቆፈረ፣ የት ጋ ደረጃው እንደሚያዳልጥ ሀሚዳ አስቀድማ ትነግራቸው ነበር፤ ከወለተሰንበት ጋር የተመላለሰችበት መንገድ ነው። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ወረፋ ጠበቁ። ሲደርሱ በመስኮቱ ያለችው ወጣት ቅጹን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው የሀሚዳን ስም፣ ዕድሜዋንና የቤት ቁጥሯን በዚያ በጠራ የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው ሞሉ። መጨረሻው መስመር ላይ «የረዳው በጎ ፈቃደኛ ስም» ይላል።

ብዕሩ አልቆመም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሲያዩት «ወለተሰንበት» ብለው ጽፈዋል።

ወጣቷ አጎንብሳ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላ ቅጽ ልስጥዎት ጋሼ?»

ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ተቀብለውም ሰጥተውም አያውቁም። ስሟን ጥቂት አዩት።

«አያስፈልግም፣ ልጄ» አሉ።

ከስሟ በፊት በነበረችው ጠባብ ቦታ «የ»ን አስገቡ። ከስሟ በኋላ ደግሞ «ባል» ብለው ጨመሩና ቅጹን በመስኮቱ አሳለፉት።