ጥርስ ያለው መንጠቆ

መንጠቆው ጉንጯ ውስጥ የገባው በነፋስ አይደለም። ወርውሮ የሰካው፣ ከሰካው በኋላም የጎተተው ወንድሟ ነው። አባቷ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ገና ደሟ ሳይደርቅ ስለ ነፋስ ማውራት የጀመረውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአባቷ ጉልበት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛው ወንዝ ውስጥ ቆሞ የእንግዳ ማረፊያውን ደንበኞች ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሲያስጠምድ የኖረው ሰውዬ ዘንድሮ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። የማረፊያው ባለቤት ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ነች። ሁለቱን ልጆቹን ጠራችና "ጠዋት ወንዙ ውስጥ ትገባላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ መጥቼ እቆጥራለሁ፤ ብዙ ዓሣ የያዘ የአባታችሁ ሥራ የሱ ነው" አለቻቸው። ወንድየው ሳቀ። ሴቷ አልሳቀችም። ይህን ሥራ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች።

እስከዚያ ቀን ድርሻዋ ጓዳ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠመች ዝንብ ትሠራለች፤ ዓሣው እውነተኛ መስሎት የሚውጠውን ዝንብ። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሴቶቹ ዓሦች እንቁላል ስለሚይዙ የተያዘው ሁሉ ሳይጎዳ መለቀቅ አለበት። ስለዚህ ከመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችው ጥርስ በፒንሳ ትጨፈለቃለች። የማረፊያው ባለቤት በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ ጥርስ ያለው መንጠቆ የተገኘበትን እንግዳ እንኳ ከነሻንጣው ታባርራለች። ጥርስ የሌለው መንጠቆ ግን ክሩ ለአፍታ ከላላ ዓሣውን ይለቃል። ያኔ የሚይዘው ብረቱ ሳይሆን እጅ ነው። እሷ ደግሞ እጅ ነበራት።

እኩለ ቀን ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ውሃው ውስጥ ባስቀመጠችው የሽቦ ቅርጫት ስድስት ትራውት ይርመሰመሱ ነበር። በወንድሟ ቅርጫት ሁለት። ወንዙ በረገፈ ቢጫ ቅጠል ተሸፍኗል። ወንድሟ ቅጠሉን በጭኑ እየገፋ፣ ጭቃውን እያደፈረሰ፣ እሷ ወደምታጠምድበት ጥልቅ ውሃ መጣ።

"ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ቦታ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ነው።"

"ወንዙን በውርስ ወሰድሽው እንዴ?"

"በዚህ አረማመድህ እንኳን ዓሣው ድንጋዩም ይሸሻል።"

"አፍሽን ዝጊ ብያለሁ።"

"መቼ አልክ? ደግሞ ሁለት ዓሣ ይዘህ ነው የምታፈጥብኝ? ለድመት እራት እንኳ አይበቃም።"

በዚያችው ቅጽበት ሰባተኛው ዓሣ ዝንቧን ዋጠ። ዘንጓ ጎበጠ። ክሩን እንደወጠረች አድክማ አድክማ መረቧ ውስጥ አስገባችውና ሳቀች። ጥፋት ከተባለ ጥፋቷ ይቺ ሳቅ ናት።

ወንድሟ ዘንጉን ወደ ኋላ ሲያነሳ በዓይኗ ጠርዝ አይታዋለች። ክሩ አየሩን ሰንጥቆ አፏጨና መንጠቆው ቀኝ ጉንጯን ነከሰ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ስቼ ነው ማለት ይችል ነበር። አላቆመም። ዓሣ ሲነክስ እንደሚደረገው ዘንጉን ሽቅብ መነጨቀው። ጉንጯ እንደ ጎማ ተለጠጠ። ጮኸች። እሱ ክሩን መጠምጠም ጀመረ።

"እስቲ ታገዪ! ስንት ደቂቃ እንደምትቆዪ ልይሽ!"

ፊቷ ወደተጎተተበት እግሯ ተከተለ። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ በሦስተኛው ድንጋዩ ከሥሯ ተንከባለለና በግንባሯ ወደቀች። የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ ውሃ የጎማ ሱሪዋን ሞላው። ቀና ስትል የወንድሟን ቦት ጫማ አየች፤ ቅርጫቷን አንዴ ረገጠው፣ ክዳኑ ተፈናቀለ፣ ስድስቱም ዓሦች ቅጠሉ ሥር ገብተው ጠፉ። ሰባተኛውም መረቧን ይዞ ከሄደው ውሃ ጋር ሄደ።

ዓይኗ ደም ለበሰ። እጇ ከወንዙ ወለል ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አገኘ። አፍንጫው ላይ መታችው። አጥንቱ ሲደቅ ተሰማት። ደስ አላትና ደገመችው። ወንድሟ ውሃው ውስጥ ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ዘንጉ ከሥሩ ተሰበረ። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው መቁረጫ ክሩን በጠሰችው።

አባቷ ጩኸቱን ሰምቶ ከቤት እያነከሰ ደረሰ። መጀመሪያ ያነሳው ወንዱን ልጁን ነው።

ኩሽና ውስጥ ወንድሟ አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ተቀመጠ። አባቷ እሷን ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ የፈላ ውሃ ያለበትን ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፒንሳውን አነሳ።

"ነፋስ ነው" አለ። "ክሩን ነፋስ ወሰደው፣ አንቺ ደንግጠሽ ወደቅሽ፣ እሱ ሊያነሳሽ ሲል ድንጋይ መታው። አለቀ።"

"ቅርጫቴንስ? እሱንም ነፋስ ነው የረገጠው?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አንድ ቀን ይገድልሻል።"

መንጠቆው ላይ ክር አዙሮ፣ አንገቱን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፣ ድንገት ሳበው። የተጨፈለቀ መንጠቆ በዚህ ዘዴ እንደ ዋዛ ይወጣል። ይኼኛው ግን ሥጋዋን ሳበ እንጂ አልወጣም። ዓይኗ ጨለመባት። ብርሃኑ ሲመለስላት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመላጫ መስታወት ነጥቃ ጉንጯን አየች። ግራጫ ላባ፣ አንገቱ ላይ ድርብ ቀይ ክር። በዚያ ቤት ክሩን ደርቦ የሚቋጭ አንድ ሰው ብቻ ነው።

"ይኼ ያንተ ነው" አለችው አባቷን።

አባቷ ዓይኑን ወደ ፒንሳው መለሰ።

"ከዚያ አትንኪ ከምትለኝ ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከነጥርሱ። ጠዋት ሰጠኸው።"

"አንድ ብቻ ነው የሰጠኝ" አለ ወንድሟ በፎጣው ውስጥ።

"ዝም በል አንተ ደነዝ!" አባቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የኔ ልጅ፣ ሚስቱ ልትወልድ ነው። አንቺ ነገ ትዳር ይዘሽ ትሄጃለሽ።"

"ሴትዮዋ አሁን ወንዙ ዳር ደርሳለች። የምታገኘው የሱን ሁለት ዓሣ ነው። እኔ የማሳያት ይሄን ብቻ ነው የቀረኝ።"

"እሱንማ አወጣልሻለሁ። ወደ ውጭ ገፍቼ ጥርሱን እቆርጠዋለሁ፣ ከዚያ ይወጣል።"

"ካየችው በኋላ።"

የአባቷ ፊት ተለወጠ። ፀጉሯን ጨብጦ ራሷን ወደ ኋላ ቆለመመው። "ያዛት!"

ወንድሟ ፎጣውን ጥሎ ሁለቱንም ክንዶቿን ጠፈነጋት። አባቷ መንጠቆውን ከውስጥ ሊገፋው አውራ ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ። ብረቱ ጉንጯ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። አልለመነችም። ጣቱን እስከ አጥንቱ ድረስ ነከሰችው። አባቷ እሪ አለ፤ ፒንሳው ወለሉ ላይ ተንቃጨለ። ራሷን ወንጭፋ የወንድሟን አፍንጫ በግንባሯ ገጨችው፤ እሱም እንደ ሕፃን እያለቀሰ ለቀቃት። ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

"የቀረበኝ ይቀቀላል።"

ሁለቱም አልቀረቡም። የጎማ ሱሪዋ ወለሉ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ አንገቷ ላይ ደሟ እየወረደ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች በሩ ጋ ደረሰች።

"እዚያች ሴትዮ ጋ ከሄድሽ" አለ አባቷ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ "ከዚህ ቤት ልጅነትሽን ፍቀሽ ሂጂ። ሰማሽ? እሱንም እኔንም ነው የምታስባርሪን።"

"ሰማሁ።"

ማንቆርቆሪያውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። አባቷ ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ወጣችና በሩን ዘጋችበት።